የስግደቱ ብልጭታ፤ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ

ከጨለማ ብርሃንን ያወጣ፣ ለሥጋ ለባሽም ዐይንን የሰጠ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከደጋ ወደ ቆላ ወርጄ ስለተመለስሁበት የሁለት ቀን መንገድ ነው። ያስወረደችኝ ቀኝ ዐይኔ ነች። ግራዋን በልጅነቴ እሾህ ስለወጋት የምታየው ጭላንጭል ብቻ ነው፤ መጽሐፍ የማነብበው በቀኟ ነው። እርሷ ከጠፋች ንባቤም አብሯት ይጠፋል።

ማክሰኞ፣ ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት፤ ጨንቻ

ጉሙ ከቀርከሃው አጥር ገና አልተነሣም። ሚኒባሱ ፖም በጆንያ፣ ሸማ በእስር ጭኖ ቆሟል። አብሮኝ የሚሄደው መሪጌታ ክንፈ ነው፤ የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ፣ የዛሬም የአገልግሎት ጓደኛዬ።

«አባ፣ እርስዎ ፊት ይቀመጡ። ኋላ ያንገጫግጫል» አለኝ ሾፌሩ።

«ክንፈስ?»

«እሳቸው ብርሃን የሚያዩ ናቸው ይባላል፤ መንገዱ ራሱ ይስተካከልላቸዋል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሾፌሩ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው፤ የክንፈ ዝና እዚያም ደርሷል ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፤ ዶርዜ

የእንሰቱ ቅጠል ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጠል ያንጠባጥባል። ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ወደ ገበያ ይወጣሉ። ሾፌሩ ፍሬኑን ሲፈትሽ እኔ የተቀመጥሁበት ሆኜ ነገሩን ከሥሩ አሰብሁት።

ካቻምና በዐቢይ ጾም ክንፈ ሲሰግድ «ከጎኔ ብርሃን በራልኝ» ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ እናቶች ትከሻውን ሳይሳለሙት አያልፉም። እኔ አርባ ዓመት በቅኔ ማኅሌት ቆሜያለሁ፤ ለእኔ ግን አንዳች ነገር አልበራም። ቀናሁበት። በጸሎቴ መካከል ሳይቀር ቀናሁበት።

ባለፈው ረቡዕ በማለዳ ጸሎት ግንባሬን ከምድር ሳነሣ፣ በቀኝ ዐይኔ ጠርዝ እንደ መብረቅ ያለ ነገር ብልጭ አለ። ደግሜ ሰገድሁ፤ ደግሞ በራ። ደስታዬን አልችለው ብዬ በቀጥታ ወደ ክንፈ ሄድሁ። ሲሰማኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውረድ» አለኝ። «የእኔም በሽታ ነበር። ልጄ በዚያው ቀን አርባ ምንጭ ወስዳኝ ዐይኔን በጨረር ተኮሱልኝ። ስመለስ ሰዉ አክብሮ ጠበቀኝ፤ አፍሬ ዝም አልሁ።»

«ብርሃኑ ለሁለት መካፈሉ ቆጭቶህ ነው!» አልሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዐይንህን ነው የምልህ!»

አልሰማሁትም። እንዲያውም ብርሃኑ እንዲበዛልኝ ስግደቴን አበዛሁ። ሰኞ ጠዋት ዳዊት ስደግም በብራናው ላይ እንደ ትንኝ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ወረደ። በእጄ አባረርሁት፤ አልሄደም። ያን ጊዜ ደንግጬ ክንፈን «ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ» አልሁት።

ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ላንቴ

ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ነጠላዬን አወለቅሁ። ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል። ክንፈ ሙዝ ልጦ ዘረጋልኝ፤ ተቀበልሁት፤ አላመሰገንሁትም።

አምስት ሰዓት፤ አርባ ምንጭ

የሆስፒታሉ የዐይን ሐኪም ወጣት ሴት ነች። የዐይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጋልኝ፣ መብራት ግንባሯ ላይ አሰረች፤ ዐይኔን በአጉሊ መስታወት እያየች፣ የዐይኔን ቆብ በቀጭን ብረት እየተጫነች «ወደ ላይ ይዩ አባቴ፤ ወደ ጎን፤ አሁን ወደ ታች» አለችኝ። እንደ ድርሳን ገጽ አንዱን ጠርዝ ሳታስቀር መረመረችው።

«ዐይን ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር አለ» አለችኝ። «ዕድሜ ሲገፋ ይኮማተርና ከኋላው ያለውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ይጎትተዋል። ያ ጉተታ እንደ ብልጭታ ይታያል። የእርስዎን ከዳር በኩል ቀዶታል። ነጠብጣቡ ከዚያ የወጣ ደም ነው።»

«ብርሃኑ ከውጭ አልመጣም ነው የምትዪኝ፣ ልጄ?»

«አልመጣም፣ አባቴ። ስንት ቀን ቆዩ?»

«ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው።»

መብራቱን ከግንባሯ ፈታች። «ከቀዳዳው ሥር ፈሳሽ ቢገባ ሽፋኑ ይላቀቅ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም ንባብዎን ላይመልሰው ይችላል። እግዜር ይመስገን አልገባም። ዙሪያውን በሌዘር እንተኩሰዋለን፤ ጠባሳው ያጣብቀዋል።»

አገጬን መሣሪያው ላይ አሳርፌ ተቀመጥሁ። አረንጓዴ ብርሃን ደጋግሞ ወጋኝ። በልቤ «ማረኝ» አልሁ፤ ስለ ዐይኔ ብቻም አልነበረም።

ሐኪሟ ክንፈንም አየችው። «ይህስ እንዴት ያማረ ጠባሳ ነው! በዕለቱ ስለመጡ ነው» አለችው። አምላክ ይቅር ይበለኝ፤ በጠባሳው ቀናሁ።

ስንወጣ አስጠነቀቀችኝ። «ጠባሳው እስኪጠና ሁለት ሳምንት ስግደትና ሸክም የለም። በሳምንቱ ይመለሱ። ነጠብጣቡ ቢበዛ ወይም ከዳር ጥላ እንደ መጋረጃ ቢመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት፤ ጨንቻ

ሽቅቡን ሁሉ አንድ ንግግር ሳዘጋጅ መጣሁ። በደጀ ሰላም ቆሜ የራሴን ስሕተት እናገራለሁ፤ የክንፈም ምስጢር አብሮ ይወጣል። የእኔ ትሕትና ይመሰገናል፤ የእርሱ ዝና ይወድቃል። አሳቤ ይህ ነበር፤ አልደብቅም።

ከሚኒባሱ ቀድሞ የወረደው ግን እርሱ ሆነ። ለሰላምታ ለተሰበሰቡት እናቶች ነጠላውን አጣፍቶ ቆመና፦

«እናቶቼ፣ ካቻምና የነገርኋችሁ ብርሃን የዐይን በሽታ ነበር። ዝም ያልሁት ክብሩ ጥሞኝ ነው። ጓደኛዬ በእኔ ዝምታ ተሳስቶ ዐይኑን ሊያጣ ነበር። ብልጭታ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ በድንገት የታየው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውረድ።»

ከኋላ እማሆይ ወለተ ሥላሴ በቀስታ እጃቸውን አነሡ።

«ለእኔም ከትናንት ጀምሮ ይታየኛል። ጸጋ መስሎኝ ነው የደበቅሁት።»

ሾፌሩ ሞተሩን ገና አላጠፋም ነበር። «ይግቡ እማሆይ፤ እኔ ለመመለስ ተሳፋሪ አልጠብቅም» አላቸው። ክንፈ ደግፎ አሳፈራቸውና አብሯቸው ተቀመጠ። ረቡዕ ነውና ጾሙን ገና እንዳልፈታ አውቃለሁ።

ሚኒባሱ ቁልቁል ሲታጠፍ ያዘጋጀሁትን ንግግር አፌ ውስጥ ይዤ ቆምሁ። ዳግመኛ ቀናሁበት። ይህኛውን ቅናት ግን ለንስሐ አባቴ ስናገር፣ እንዲተወኝ ሳይሆን እንደ እርሱ ላለ ሥራ እንዲያስነሣኝ ይጸልዩልኝ ዘንድ እለምናቸዋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር የዐይንህን ጠርዝ ከነመካከሉ ይጠብቅልህ፤ ቤተ ሰብህም የሚታየውን ሁሉ ሳይደብቅ የሚነጋገር ይሁን፤ ማዕድህ የተባረከ፣ ደጅህም የሰላም ይሁን። አሜን።