በእንፋሎቱ ሥር ዝም ያለው ባሌ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይመስገን! ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር እወዳለሁ፤ በቃል መናገር ስለሚያስለቅሰኝ ግን ጽፌው መጣሁ። የሞተው ባሌ የኪሮስ ነገር ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገብስ ስናበራይ መንሹ ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ታላቅ ወንድሙ «ኪሮስ፣ ገለባውም ከበደህ?» ቢለው ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቆይቶ እግሩ ደነዘዘ፣ ዓይኑ ፈዘዘ፣ ሳይሠራ ይደክመው ጀመር። አማቴ «ብርድ ገብቶበት ነው፤ እጠኚው» አሉኝ። በየቅዳሜው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሩቅ ተሸክሜ እያመጣሁ፣ አፍልቼ በጋቢ ሸፍኜ አጠንኩት። ከእንፋሎቱ ሲወጣ መቆም ያቅተዋል። እኔ በሽታው የሚወጣ መስሎኝ ነበር!

በመጨረሻ ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ «እህቴ፣ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ነርቩን እየወጋ ነው» አሉኝ። «ብግነት፣ ማለት የሰውነት መቆጣትን፣ የሚያነሣሡ ፕሮቲኖች በደሙ ስለሚዞሩ ጉዳቱ በእግሩ አያበቃም። ድካሙም፣ ያለ ምክንያት ሆድ የሚብሰውም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ስንፍና አይደለም።» ስለ እንፋሎቱ ነገርኳቸው። «ሙቀት ያባብስበታል፤ ተዪው። በሽታውን ያመጣሽው ግን አንቺ አይደለሽም።»

ደጅ ወጥተን «እንፋሎቱ እንደሚጎዳህ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት እያለቀስኩ።

«ያን ሁሉ ቅጠል ተሸክመሽ ስትመጪ እያየሁ ምን ልበልሽ?» አለኝ።

ኪሮስ ያን ጊዜም አማኝ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። ዓይኑ ሲደክም መጽሐፍ ቅዱሱን አነብለት ነበር፣ ለእሱ ብዬ ብቻ። ጌታ ሸክም የከበደባቸውን የሚጠራበት ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ «ድገሚው» ይለኛል። እደግመዋለሁ። እንዲድን ለመንኩ፤ አልተነሣም፤ ሞተ። ከቀበርነው በኋላ ያ እንፋሎት ከልቤ አልወጣ አለኝ። ሐኪሙ ነጻ ቢያወጡኝም እኔ ራሴን አልለቀቅሁም።

አንድ ጠዋት ያንኑ ቦታ ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ድገሚው» የሚለኝ የለም። ራሴ ደገምኩት። ወገኖቼ፣ የሚጠራው እኔን ነበር! ተንበርክኬ ቅጠሉንም፣ ሳቄንም ለጌታ ነገርኩት። ይቅር አለኝ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ኪሮስ ዛሬም ይናፍቀኛል። ጋቢው ውስጥ ያ የቅጠል ሽታ አለ፤ አላጠብኩትም። እናንተም በፍቅር አጥፍታችሁ ራሳችሁን የምትከሱ ካላችሁ፣ ጥፋታችሁን ወደ ጌታ አምጡት፤ እኔን አልመለሰኝም። የደከመውንም ሰው ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁት።

እኔ ኪሮስን እስካገኘው በየጠዋቱ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሁለት ሁለት ጊዜ።