ሙጫ ያጣው ጥድ

የጥድ ደኑን ሠላሳ ዓመት የጠበቁትን ሰውዬ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ሙጫ» ይላቸዋል፤ እጃቸው ከሙጫ ጸድቶ አያውቅማ። ዋናው ሥራቸው ዛፍ መመርመር ነው። ቅርፊቱን በመብሻ ይበሱና በማግስቱ ተመልሰው ያያሉ። ቀዳዳው ሙጫ ከሞላ ዛፉ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ ግን ትል ገብቶበታል፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል። አለዚያ ጢንዚዛዎች ከደረቀው ግንድ እየወጡ ትሉን ወደ ጤነኞቹ ያደርሱታል። በዚህ ጉዳይ አባ ሙጫ ፊት አይተው አያዳሉም። አለቃቸው ከምሳ በኋላ የሚጋደሙበትን ዛፍ እንኳ ዓይናቸውን ሳያሹ አስቆርጠዋል።

የገዛ በራቸው ላይ ያለው ጥድ ሙጫ ሲያጣ ግን እጃቸው ታሰረ። የተከለችው ሟች ሚስታቸው ናት። ከሌላ ዛፍ ሙጫ ፍቀው፣ አሙቀው ቀዳዳውን ደፈኑና መዝገቡ ላይ «ደህና» ብለው ጻፉ። ትንሽ ከታገሡት ያገግማል ብለው ራሳቸውን ሸነገሉ።

ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጃቸው አንድ ቀን ምሳ ላይ የሥራዋን ወሬ አነሳች።

«አባዬ፣ ዛፉን የሚገድለው ትሉ ብቻ አይመስለንም» አለች። «ዛፉ ትሉን ለመከላከል መርዝ ያመርታል፤ መርዙ ደግሞ ተመልሶ የራሱን ገላ ይፈጀዋል። ከታመመ ዛፍ ፈሳሽ ወስደን ትሎቹን አጥልለን አወጣናቸው። አንድ ትል ሳይቀርበት ችግኝ ነከርንበት። ጠወለገ።»

«ታዲያ መዳኛ የለውም?»

«ሙጫው ከደረቀ በኋላማ ምን መዳኛ አለው?»

ጢንዚዛዎቹ ገና አልወጡም፤ ያኔውኑ ቢናገሩ ይደረስ ነበር። አፈሩና ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት።

በዓመቱ ጥዱ ቡናማ ሆኖ ቆሟል፤ ግንዱም በጢንዚዛ መውጫ ተበሳስቷል። ከቤታቸው ሥር ባለው ቁልቁለት አርባ ሦስት ዛፎች ሙጫ አጡ። ልጃቸው እንድታጣራ ተላከች። መዝገቡን አገላበጠች፣ የበሩን ጥድ ቀዳዳ በቢላዋ ፋቀች። ከሙጫው ሥር እንጨቱ ክው ብሎ ደርቋል።

«አባዬ፣ ይሄን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «የእናትሽ ዛፍ ነው። አንጀቴ አልችል አለ።»

አልተቆጣቻቸውም፤ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ቀይ ቀለሙን እየበጠበጠች ቁልቁለቱን አየች።

«እማዬ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች» አለች። «እነዚህንስ ማን ያሳደጋቸው መሰለህ?»

አባ ሙጫ ያውቁ ነበር። ለአንዱ ሲሳሱ ነው አርባ ሦስቱን የረሱት።