ሁለቴ የተቋጠረ ፌስታል

ያቤሎ ውስጥ ፀጉሬን በምሠራበት ቤት ካውያው ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫ ያስይዛል፣ እኔን ግን ወዳደግኩባት ነገሌ ይዞኝ ይሄዳል። እናቴ ጓሮ ቁጢጥ ብላ፣ ከማበጠሪያው የለቀመችውን የእኔንና የእህቴን ፀጉር አንዲት ዘለላ ሳታስቀር እሳት ውስጥ እየጨመረች፣ ባንድ ዓይኗ እሳቱን፣ በሌላው አጥሩን ስትጠብቅ ትታየኛለች። ጭሱ እስኪጠፋ ከዚያ አትነሳም ነበር፤ ስትነሳም አመዱን በእግሯ በትና፣ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አይታ ነበር ወደ ቤት የምትገባው።

እናቴ ሰው አታምንም ነበር። አባቴ አስተማሪ ሆኖ ነገሌ ሲመደብ ከወሎ ይዟት ሲመጣ በአገሩ አንድም ዘመድ አልነበራትም፣ ኦሮምኛም አትሰማም፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ቆሞ ባወራ ቁጥር እሷን የሚያሙ ይመስላት ነበር። ክፉ የሚያስብብን ሰው በበር አይገባም፣ መጀመሪያ ቆሻሻችንን ነው የሚበረብረው ትል ስለነበር፣ በእኛ ቤት ቆሻሻ እንዲሁ አይጣልም፣ ይለያል። ፀጉር፣ ጥፍር፣ ያረጀ ልብስና የእጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይቃጠላል፣ መተት የሚሠራው በእነዚህ ነዋ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና የመድኃኒት ብልቃጥ በጣሳ ተደርጎ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባስቆፈረችው ጉድጓድ ይቀበራል፣ ሰው ረግጦት ቢጎዳ በእኛ እንዳይላከክ። ደህናው ጠርሙስ ታጥቦ ይቀመጥና ልዋጭ ባዩ ሲመጣ በጆግ ወይም በሳፋ ይለወጣል፤ እሱም ቢሆን ዓይኑን ወደ ጓዳ ከላከ በሩ ፊቱ ላይ ይዘጋበታል። አባቴ፣ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እናታችሁን ሳያያት ቀርቶ ነው እያለ ይስቅባት ነበር።

የማትጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ፌስታል። ፌስታል ያን ጊዜ በሞያሌ በኩል በብዛት መምጣት የጀመረ አዲስ ነገር ነው፤ ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ የማን ቤት ምን እንደበላ አይናገር። ጨው ተገዝቶ የመጣበት ፌስታል ጨዉ ከተገለበጠ በኋላ የሽንኩርት ልጣጭና ጥራጊ ይሞላበትና፣ እናቴ አፉን ጠምዝዛ ሁለቴ ትቋጥረዋለች። አንዱ ቋጠሮ እንዳይፈስ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ፈቶ አንድ ነገር ጨምሮበት እንዳይመልስብን። ከዚያ እኔና እህቴ ከጓሯችን በታች ካለው ቦይ እንወረውረዋለን። የተቀደደውን ነፋስ እያነሳ ግራሮቹ ላይ ይሰቅለዋል፣ በበጋ ቅጠሉ ሲረግፍ ዛፎቹ ሰማያዊና ነጭ አበባ ያወጡ እየመሰሉን ደስ ይለን ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ አዴ ሎኮ ይኖሩ ነበር፣ አዴ እትዬ እንደማለት ነው። ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ቀጭንና ረጅም የቦረና ሴት ናቸው፤ ዲምቱ የሚሏት አንዲት ቀይ ላም ነበረቻቸው። የእናቴ ጡት ቶሎ ስለ ነጠፈ ታናሽ ወንድሜ ወንዴ ያደገው በዲምቱ ወተት ነው። አዴ ሎኮ በየጠዋቱ በጮጮ ወተቱን ይዘው፣ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ እያሉ ይመጣሉ፣ እናቴ ደግሞ አመስግና ከተቀበለች በኋላ፣ እሳቸው ዞር እስኪሉ ጠብቃ፣ አንዲት ጠብታ በጥፍሯ ላይ አድርጋ ውሃ እንዳለበትና እንደሌለበት ታያለች። ኖሮበት አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በዝናቡ ወራት ሣሩ ለምልሞ ወተቱ ሲወፍር፣ እናቴ ፊቷ ይፈታና ስኳርና ጨው በፌስታል ቋጥራ ትልክላቸው ነበር፣ ያንንም ሁለቴ ቋጥራ።

አንድ ዓመት ሐጋያ የሚሉት አጭሩ ዝናብ፣ ከመስከረም በኋላ የሚጠበቀው፣ ሳይዘንብ ቀረ። ከብቱ ሣር ፍለጋ ሩቅ ሲነዳ፣ ዲምቱ የምትታለብ ስለሆነች ከተማ ቀርታ በየቦዩና በየአጥሩ ሥር ስትለቃቅም ትውል ጀመር። ወተቱ ቀጠነ። እናቴ ጥፍሯ ላይ አይታ፣ «ይኸው፣ ጀመሩ» አለች። ቀጥሎ ወተቱ ጭራሽ ቀረ፤ እናቴም ለሻይ ቤቶቹ ሸጠውብን ነው ብላ ደመደመች። ወንዴ ባዶ ጡጦ ይዞ ሲያለቅስ፣ ልቅሶው በአጥሩ አልፎ አዴ ሎኮ ጆሮ እንዲገባ ሆን ብላ ጓሮ ታወጣው ነበር።

አዴ ሎኮ ደግሞ በበኩላቸው እኛን መጠርጠር ጀምረው ኖሯል። የዲምቱ ሆድ ተነፍቶ ድንጋይ ሆኗል፣ ትበላለች ግን ትከሳለች። ሰፈሩ ውስጥም፣ ያቺ አማራ በየማታው ጓሮ ጉድጓድ ከፍታ የምትቀብረው ምንድን ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። እናቴ ማንም እንዳያይ እየተደበቀች የሠራችውን ሰው ሁሉ አይቶታል፣ የተደበቀችበትን ምክንያት ግን ያወቀ የለም። ሰላምታው ቆመ፤ አዴ ሎኮ በበራችን ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ ያዞሩ ጀመር።

ዲምቱ የወደቀችው አጥራችን ሥር ነው፣ የነገሩም ክፋት እዚያ ላይ ነበር። ሰው ተሰበሰበ፣ ሽማግሌዎች መጡና ጉድጓዱ እንዲከፈት አባቴን በጨዋ ደንብ ጠየቁት። መርዝ ከተገኘ በዚያ ሰፈር መኖራችን እንዳበቃለት እኛ ልጆቹ እንኳ ገብቶን ነበር። አባቴ አካፋውን ራሱ አነሳ። እናቴ ወንዴን ታቅፋ ከበሩ ተደግፋ ቆማ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እያንዳንዱን የሚወጣ ጣሳ ትከተል ነበር፤ አንድ ሰው ቀድሞ የሆነ ነገር ቀብሮብን ይሆናል ብላ ፈርታ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። የወጣው ግን ብርጭቆ፣ ምላጭና የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም በየጣሳው፣ ሁሉም ከብት በማይደርስበት ጥልቀት። ሽማግሌው አገላብጠው አይተው ንጹሕ ነው አሉ። እናቴ ቀና አለች። አዴ ሎኮን ገልመጥ ያደረገችበት ዓይን አሁን ድረስ ይታየኛል፣ ያሸነፈች ሰው ዓይን ነበር።

ዲምቱ ነፍሷ ስትወጣ፣ ገደላት የተባለው ነገር እንዲታይ ሆዷን ከፈቱት። ውስጡ በአብዛኛው ሣር አልነበረም። በፈርስ የተለወሰ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የፌስታል ክምር ወጣ፣ ሁለት እጅ የማያቅፈው። አዴ ሎኮ ተንበርክከው ከክምሩ አንዱን መዘዙ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። አልተፈታም ነበር።

«የወንዴ እናት፣» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «መርዝ የለም። ይሄ ያንቺ እጅ ነው። ስኳር ስትልኪልኝ በጥርሴ ነው የምፈታው፣ አውቀዋለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ላም ጨው ከሸተታት ድንጋይም ትልሳለች አሉ፣ በኦሮምኛ፤ አባቴ ተረጎመው። እናቴ ወንዴን ለእህቴ ሰጥታ ከአዴ ሎኮ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አዴ፣» አለች፣ «ወተቱ ላይ ውሃ ጨመሩ ብዬ አንቱን ነበር የጠረጠርኩት።»



ዝናቡ በሚያዝያ መጣ። የአዴ ሎኮ ጎሳዎች ቡሳ ጎኖፋ በሚሉት ልማዳቸው፣ ከብት ያለቀበትን ወገን ያለው ያቋቁመዋልና፣ አንዲት ጊደር ሰጧቸው፤ አባቴም ፍየል ከነግልገሏ ወስዶ ይቅርታ ጠየቀ። ተቀበሉት፣ ሰላምታውም ተመለሰ፣ «ናጋ» ይላሉ፣ «ናጋ» እንላለን። ወተቱ ግን አልተመለሰም። ጊደሯ አድጋ ወልዳ መታለብ ስትጀምር ጮጮው በበራችን እያለፈ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር፣ ወንዴም በአጥሚት ከስቶ አደገ።

በዚያ ዝናብ እናቴ ጫፉ ቆልማማ እንጨትና ጆንያ ይዛ ቦዩን ትወርድ፣ ከየግራሩ ፌስታል እየጎተተች ታወርድ ጀመር። እያንዳንዱን ታገላብጣለች፣ የራሷ ቋጠሮ መሆኑን ለማየት። ሰፈሩ አሁን ደግሞ ምን ልትሠራበት ነው ብሎ በአጥር ቀዳዳ ያያት ነበር፣ አዴ ሎኮም አብረው ያዩ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ከቤታቸው ወጥተው እናቴ ያልደረሰችበትን ቅርንጫፍ በዘንጋቸው ዝቅ አድርገው ያዙላት።

አሁን እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ያቤሎ ትኖራለች። ቆሻሻ የሚሰበስቡ የማኅበር ልጆች ጋሪ እየገፉ ይመጣሉ፤ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ የምግብ ትራፊውን ለብቻ፣ ስለታሙን ለብቻ አድርጉ ይሉናል። እናቴ ይህን ስትሰማ እኔ ድሮ የሠራሁትን ነው ብላ ትኮራለች፣ ፀጉሯን ግን ዛሬም ለጋሪ አትሰጥም። እኔ ለሥራ እየቸኮልኩ የቋጠርኩትን ፌስታል ሁሉ እየተቀበለች፣ ዓይኗ ስለደከመ በጣቷ እየዳሰሰች ትፈታዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አጣጥፋ ጆንያ ውስጥ ትከታለች። ያኔ ስትጥል የምትጠብቀው አጥሩን ነበር፣ ማን ያየኛል ብላ። ዛሬ የምትጠብቀው መንገዱን ነው፤ ጋሪው ጥግ እስኪታጠፍ በር ላይ ቆማ ትከተለዋለች።

ባለፈው ሰሞን ጆንያዋን ካስረከበች በኋላ የት ወስደው እንደሚያራግፉት ጠየቀችኝ። ሩቅ ነው፣ ከከተማ ውጭ ነው አልኳት፣ እንድትረጋጋ።

«ሩቅ ማለት፣» አለችኝ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «የማን ግጦሽ ነው?»

አላውቅም ነበር። ጋሪው ሳይርቅ ልደርስበት ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።