ቀጭ ያላለች ማሽላ

በታኅሣሥ የድሬ ጠያራ ሜዳ ዝናብ ሳይነካው፣ ብርዱም ሳይከፋ አንድ ሳምንት ሲሰነብት፣ አያቴ ከአውድማው አይርቁም ነበር። በየማለዳው መድረቋን ለማየት አንዲት የማሽላ ፍሬ ይነክሳሉ። «ቀጭ ካላለች ጉድጓድ አትገባም» ይላሉ።

አንድ ዓመት ጎረቤቶቻችን በሦስተኛው ቀን እህላቸውን ማከማቻ ጉድጓድ ከተቱና፣ «አባባ፣ ዝናብ ነው እንዴ የሚጠብቁት?» ብለው ሳቁባቸው። እሳቸው ሰባት ቀን ሙሉ ጠበቁ። በክረምት ጉድጓዱ ሲከፈት የሌላው ሻግቶ፣ የእኛ ግን ገና ከአውድማ የተነሣ ይመስል ነበር። አያቴ ከእኛው ማሽላ ለሁሉም ሰፈሩላቸው።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም፤ ደረቁ ሳምንት ግን መጣ። እነዚያው ጎረቤቶች እፍኝ ማሽላ ይዘው ደጃችን ደረሱ፤ ባዶውን የአያቴን መደብ አይተው ቆሙ። ከዚያ እፍኛቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ነከስኩ፤ ቀጭ አላለችም።

«ገና ነው» አልኳቸው። አንድም ሰው አልሳቀም።