የኩማ ትሪ

ኩማን የማውቀው የሁለታችንም ፀጉር ጥቁር ሳለ ነው። ሀዋሳ ባለው ኮሌጃችን እኔ ፊዚክስ ሳስተምር እሱ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነበር። የዚያን ዘመን መጽሐፋችን ሥዕሎቹ በእጅ የተሣሉ ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ ሥር «ምን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። «ምን ማየት ፈለጋችሁ?» የሚል ጥያቄ አልነበረውም።

ኩማ በዚያች ጥያቄ አረጀ። ከተማሪዎች ካፌ የመጣች የብረት ትሪ ነበረችው። ያለ ሽቦ ኃይል ላክሁ የሚል ሲመጣ በላኪውና በተቀባዩ መሀል ይደቅናታል። የተቀባዩ መብራት ከጠፋ ሥራው እውነት ነው፤ ካልጠፋ የሆነ ቦታ የተደበቀ ሽቦ አለ።

አምና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፊልሞን ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የፀሐይን ኃይል ህዋ ላይ ሰብስቦ በጨረር ወደ ምድር መላክን በሞዴል ሊያሳየን ነው። ሳተላይቱ ጣሪያው ላይ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ ሀዋሳ ከነሐይቋ ጠረጴዛ ላይ ተሠራች። ጨረሩን የሚቀበለውን አንቴና የሠራችው ተመራቂዋ ታቢታ ናት። ስድስት ወር ለፍታ አንዲት ደብዛዛ ቀይ መብራት አበራች።

ይህ ለፊልሞን አነሰው። ከሐይቁ ሥር ባትሪ ደብቆ ከተማዋን በሙሉ አንቦገቦጋት። መብራቷ በዚያ ብርሃን ስለተዋጠባት ታቢታ አለቀሰች።

«ጋሽ ኩማ፣ አደራ፣ እንግዶች ፊት ትሪዎን እንዳያወጡ» አለ ፊልሞን።

«ለምን?»

«ለማሳያ ነው እኮ። ዋናው ቪዥኑ ነው።»

«ቪዥንህ ስንት ቮልት ነው?»

ፊልሞን ሳቀ። የኩማ የጡረታ ማራዘሚያ ደብዳቤ የእሱን ፊርማ እየጠበቀ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

እንግዶቹ መጡ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አዳራሹ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። «ነገ ከከተማችን ዳር ላለው ለቱላ ገበሬ መብራት ከሰማይ ይወርድለታል!» ሲል ፊልሞን እየጮኸ ነበር፤ ጄኔሬተሩ አላሰማ ብሎታል። አጨበጨቡ። ለክራባቱ ይሁን ለጨረሩ እንጃ።

ኩማ ከኋላ ተነሥቶ መጣና ትሪዋን ከሳተላይቱ ሥር ደቀናት። ከተማዋ እንደበራች ቀረች።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ አንድ እንግዳ።

«ምንም አልተፈጠረም፤ ጉዱ እሱ ነው» አለና ሐይቁን ከፍቶ ባትሪውን አወጣ። ሀዋሳ ጨለመች። «መጋረጃውን ዝጉት!»

ሲዘጋ ጠረጴዛው ላይ በቱላ በኩል ያቺ የታቢታ ቀይ ነጥብ ታየች። ትሪዋን ሲደቅን ጠፋች፤ ሲያነሣ በራች።

«ይቺን ያበራት ሳተላይቱ ነው። የሠራቻትም ይቺ ልጅ ናት።»

ያጨበጨበ የለም። እንግዶቹ ለስላሳው እንዳይሞቅባቸው ወደ መስተንግዶው ተጣደፉ።

ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። ኩማ አሁን መሃል ከተማ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይጠግናል። ትሪዋ ምሳ መብያው ሆናለች። ፊልሞን በመኪና ሲያልፍ ግን ከነፍርፋሪዋ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ ዶክተሩም መስተዋቱን ይዘጋል።