ከታመመ እንሰት ችግኝ አይወሰድም

ምን ዓይነት ዜና ነው ይሄ? ምሕረት አረፈች አሉኝ። «የትኛዋ ምሕረት?» አልኩ፣ እያወቅኩ። እሁድ ዕለት እኮ ሆስፒታል ተኝታ እንኳን ስለ ሥራ ነበር የምትጨቀጭቀኝ!

ለማታውቋት፣ ምሕረት የገረሴ ከተማ ልጅ ናት። ሲቀላ ሰፈር ጠባብ ቢሮ ተከራይተን ለሆቴሉም ለሱቁም ሶፍትዌር የምንሠራው እኔና እሷ ነበርን።

መጀመሪያ ላይ አሠራራችን ጉድ ነበር። ሴቻ ሰፈር ላለው ሆቴል የሠራነውን እንዳለ ገልብጠን ለፋርማሲ፣ የፋርማሲውን ገልብጠን ለሙዝ ማኅበር፣ ትንሽ ነካክተን እንሰጣለን። አንዱ ጋ ስህተት ከተገኘ ሁሉም ጋ አለ። እዚህ ስናስተካክል እዚያ እንረሳለን።

አንድ ቀን የፋርማሲዋ ሲስተር ደወለች። «እናንተ ልጆች፣ ፓራሲታሞል ልሸጥ ስል ይሄ ኮምፒውተር የእንግዳው ክፍል ቁጥር ስንት ነው ይለኛል። ሰውዬው ራሱን አመመው እንጂ እኔ ጋ አላደረ!»

እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ምሕረት አልሳቀችም።

«እናቴ ከታመመ እንሰት ችግኝ አይወሰድም ትላለች» አለች። «ዛሬ ክፍል ቁጥር ነው። ነገ የመድኃኒት መጠን ቢሆንስ?»

ከዚያ በኋላ አዲስ ደንበኛ አልቀበልም ብላ ድርቅ አለች። ለሁሉም የሚሆነው አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የሆቴሉ ክፍል፣ የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን፣ የሙዙ ሚዛን ግን ለሚያስፈልገው ብቻ እንደ መብራት ይብራ፣ ለሌላው ይጥፋ አለች።

«በረሃብ ልትፈጂን ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አይዞህ፣ ቆጮ አይጠፋም።»

ወራት ፈጀብን። ተኳረፍን። እውነትም ቆጮ በላን። በኋላ ግን አንዱን ስህተት አንድ ቦታ ስናርመው ሁሉም ጋ ታረመ። ዛሬም ቢሮው ያልተዘጋው በዚያ ነው።

እሁድ ዕለት ድምፅዋ ደክሞ የጠየቀችኝ ስለ አዲሱ ደንበኛችን፣ ስለ ዓሣ ማኅበሩ ነበር። «እንዳትገለብጥ ብቻ!» አለችኝ። «ኧረ በስመ አብ፣ አልገለብጥም» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ያማት ነበር።

ምሕረትዬ፣ የዓሣ ማኅበሩን ትናንት ጨረስኩት። ምንም አልገለበጥኩም። ዛሬ ከሰዓት መጥቼ ላሳይሽ ነበር።

ሥራሽን እንዳልሽው እይዘዋለሁ። በአንድ ነገር ብቻ አልሰማሽም፤ አንቺን ቢመልሱልኝ፣ ከነበሽታሽ እወስድሽ ነበር።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።