የነገሩ ባለቤት

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዘንድሮ የቀበርናቸው አጎቴ በስብሰባ መሃል "የነገሩ ባለቤት የታለ?" ማለት ልማዳቸው ነበር። አሁን ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ እንዲያ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ያን ጊዜ የወረዳው ገዥ ዳንግላ አጠገብ ወዳለው መንደራችን መጥተው ሽማግሌ ሰበሰቡ። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩልን ነው።

"ከዳገቱ ግርጌ ይሁን፤ ለመንገዱ ይቀርባል" አሉ።

አጎቴም፣ "የነገሩ ባለቤት ሳትመጣ አልናገርም" አሉ።

ከገዥው ጋር ከከተማ የመጣው ጸሐፊ አጎቴ ሚስታቸውን ያሉ መስሎት ሮጦ ከቤት ጠርቷት መጣ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ አልሳቁም።

"ውሃ ቀጂዎቹን ማለቴ ነበር። እሷም አንዷ ናትና ጠይቋት" አሉ።

"እንስራ አዝዬ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ከዳገቱ ላይ፣ ከቤታችን አጠገብ ይሁን" አለች።

ገዥው፣ "የሴት ቃል አልወስድም። ነገ ጠዋት ወንድ ይናገር" ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ የሚስታቸውን እንስራ አዝለው ወንዝ ወረዱ። ውሃ ሞልተው ዳገቱን ወጡና ጀርባቸው እንደራሰ ገዥው ፊት ቆሙ።

"አሁን ባለቤት ሆኛለሁ" አሉ። "ላይ ይሁን።"